ለጎረቤት እንቅልፍ ሲባል የታፈነው የዶሮ ቤት፦ ከሽምብጥ አንድ የክረምት ጉዳይ

ጉዳዩ የተፈጸመው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። በዶሮ እርባታ ምክር ሥራዬ በየክረምቱ ብዙ አቤቱታ ይደርሰኛል። አንዱ ጋ በሽታ ነው፣ ሌላው ጋ የጎረቤት ጠብ ነው። እዚህ ግቢ ሁለቱ ተያይዘው መጡ፤ ለጠቡ የተገኘው መፍትሔ ራሱ በሽታውን ጠራው። ዝርዝሩን የምጽፈውም ለዚህ ነው። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

ግቢውና ዶሮዎቹ

የቤቱ እመቤት ስድሳዎቹን የጀመሩ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ ሴት ናቸው። አብሯቸው የሚኖረው ዩኒቨርሲቲ የሚማር የልጅ ልጃቸው ነው። ዶሮ ማርባት ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዘንዘልማ ሳሉ እናታቸው ዶሮዎቹን የሚያሳድሩት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ብዙ ባልራቀ ቆጥ ላይ ነበር። ጭሱ ቅማሉን ያሸሻል፣ እሳቱ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ሸለመጥማጥም በር ካልተከፈተለት አይገባም። ከተማ ሲገቡ ግን ዶሮዎቹ ከሰው ቤት ወጥተው ጓሮ ወረዱ። ያ የድሮ ቤት በነጻ ይሰጣቸው የነበረው ድርቀትም አብሮ ቀረ።

የጓሮው ዶሮ ቤት ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ነው። ሦስቱ ጎን ቆርቆሮ፣ ፊቱ ወንፊት ሽቦ፣ ወለሉ አፈር። ጀርባውን የሰጠው ለጎረቤት የብሎኬት አጥር ሲሆን ከአጥሩ ማዶ፣ ከሁለት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ የተከራይ መኝታ ቤት መስኮት አለ። ይህ መስኮት በኋላ ብዙ ያነጋግረናል።

ዶሮዎቹን እንቁጠር። አራት ነባር የአበሻ ዶሮዎች ነበሩ። መጋቢት ላይ የሁለት ወር ዕድሜ ያላቸው አሥራ አምስት ሳሶ የሚባሉ የተሻሻለ ዝርያ ዶሮዎች ተገዙ፤ ዘጠኙ ሴት፣ ስድስቱ ወንድ ሆነው አደጉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአበሻዎቹ አንዷ ሰባት ጫጩት አወጣች። በጠቅላላው ሃያ ስድስት ነፍስ በሦስት ካሬ ሜትር ላይ ማለት ነው። በጋውን ሙሉ ይህ ችግር አልነበረም፤ ዶሮዎቹ ቀን ጓሮ ለጓሮ ሲጭሩ ውለው ማታ ለመኝታ ብቻ ይገባሉ። ሰኔ ሲገባ ጓሮው ጭቃ ሆነ፣ ዶሮዎቹም ቀኑን ሙሉ እዚያችው ቤት ውስጥ ይውሉ ጀመር።

ስድስት አውራ ለምን? ለእንቁጣጣሽ ነዋ! እመቤቲቱ አንዱን ለራሳቸው ሊያርዱ፣ ሌሎቹን ሊሸጡ አስበው ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በበዓል ዋዜማ የአውራ ዶሮ ዋጋ ከሐምሌው ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ለመስከረም 1 እንዲደርስ የተያዘ አውራ መጮህ የሚጀምረው በአራት ወሩ ግድም፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባሕር ዳር ውስጥ አውራ ዶሮ የሚበዛበት፣ ዶሮ ደግሞ ደጅ መዋል የማይችልበት ጊዜ አንድ ላይ ይውላል። የጠቡ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጾሙም ምክንያት ቶሎ መገላገል አይቻልም፤ የሰኔው የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ሦስት ሳምንት ከምናምን ቆይቶ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ገዢ የሚገኘው በመካከል ባለችው ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ያም በርካሽ።

ክሱ

ከአጥሩ ማዶ የተከራየው ሰው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ አራስ ናት። እሱ ሁለት ሦስት ሌሊት ውጭ አድሮ አንዱን ሌሊት ቤቱ ይተኛል፣ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ መነሐሪያ መገኘት አለበት። አውራዎቹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጀምራሉ። አንዳንዴ ግን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ገና እኩለ ሌሊት ሳይሻገር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንጫጫሉ።

ሰኔ ማብቂያ ላይ መጥቶ አንኳኳ። በትሕትና ነው የመጣው፤ ይህንን እመቤቲቱም ይመሰክሩለታል። «እማማ፣ እኔ ዶሮ አልጠላም፣ ገጠር ነው ያደግሁት። ግን ነገ ሰው ሞልቼ ዓባይ በረሃ ነው የምወርደው። እንቅልፌን ሳልጠግብ ያን ጠመዝማዛ እንዴት አድርጌ ልንዳው?» አላቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ ዶሮ ካልጮኸ ዶሮ ነው? ቤተ ክርስቲያኑም በድምፅ ማጉያ ይቀድሳል፣ አዛኑም አለ፣ ባጃጁም አለ» ብለው መለሱለት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቅ ሰው የሾፌሩን ንግግር እንደ ሰበብ አይወስደውም።

በሁለተኛው ሳምንት ቃሉ ጠነከረ፤ ቀበሌ እሄዳለሁ፣ ካልሆነም እከሳለሁ ወደ ማለት ደረሰ። መብት አለው ወይ ተብዬ ስለተጠየቅሁ እዚህ ላይ አስገባዋለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ክፉ ሽታና ድምፅም በስም ተጠቅሰዋል። ያው ድንጋጌ ግን የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል ይላል። ሽምብጥ ውስጥ ዶሮ ማርባት ልማድ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስድስት አውራ ከሰው መኝታ መስኮት ሥር ማሳደርም ልማድ ነው ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል።

እመቤቲቱ ጉዳዩ ሳይካረር በራሳቸው መንገድ ሊያበርዱት ሞከሩ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጮኸውን፣ ኩክኔው ትልቁን ቀይ አውራ፣ ሐምሌ 6 ቀን ሸጡት። ሦስት ቀን ያህል ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ገብስማው ቦታውን ያዘና በቀዩ ሰዓት፣ ከቀዩ በባሰ ድምፅ ይጮህ ጀመር።

መዝጋት ያመጣው

ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው ገባበት። ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ክረምቱን ዶሮ ቤታቸውን ዙሪያውን ሸፍነው፣ ሽንቁሩን ሁሉ ደፍነው ሲያሳድሩ አየ። ቪዲዮው የተቀረጸው አመዳይና በረዶ በሚወርድበት አገር ነው፤ እዚያ ጭንቀቱ የአውራው ኩክኔ በውርጭ እንዳይሞት ነው። ልጁ አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚመታ መሰለው፤ ዶሮዎቹም ይሞቃቸዋል፣ ጨለማ ከሆነባቸውም አይጮሁም። ፊቱን ወንፊት በወፍራም ሸራ፣ ከጣሪያው ሥር የነበረውን ክፍተት በላስቲክና በማዳበሪያ ጠቀጠቀው። ዝናብ እያለ ቀንም አይገለጥም።

ድምፁ በእርግጥ ቀነሰ። ሾፌሩ አመሰገነ። አንድ ሳምንት ግድም ሁሉም ሰው ደስተኛ ነበር።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው። ሌሊቱ ሰውን ጋቢ ያስደርባል እንጂ ላባ ለሞላት ዶሮ ብርዱ ከባድ አይደለም። የእኛ ክረምት ዶሮ የሚገድለው በእርጥበት ነው። እርጥበቱም ከሰማይ ብቻ አይመጣም። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን መቶ አሥር፣ መቶ ሃያ ግራም ትበላለች፣ የዚያን ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች። ለአሥራ ስምንት ትልልቅ ዶሮ ይህ አራት ሊትር ያህል ይሆናል። ወደ እንቁላሉ ከሚገባው በቀር አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ እዚያው ቤት ይቀራል። በየቀኑ አራት ሊትር ውሃ መኝታ ቤት ውስጥ ደፍቶ መስኮት መዝጋት ቢባል ማን እሺ ይላል?

የጤፍ ጭዱ ጉዝጓዝ ጠቁሮ እንደ ጭቃ ተላቆጠ። እኔ ስጠራ ቤቱን ቆሜ ሳየው ሽታው መጠነኛ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ በዶሮ አፍንጫ ቁመት ስተነፍስ ግን ዓይኔ አነባ። ከበሰበሰ ኩስ የሚወጣው አሞንያ ነው። ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት ይህንን ነው፣ ሳንባቸው ሲቆስል ለሌላ በሽታም በር ይከፈታል።

መጀመሪያ የወደቁት ጫጩቶቹ ናቸው። ስድስት ሰባት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ላባቸውን አንጨፍርረው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ኩሳቸው ደም ቀላቀለ። እመቤቲቱ ፌጦና ሎሚ ሰጧቸው። አንዲት ጎረቤት የሰው ቴትራሳይክሊን በጥብጠሽ አጠጪያቸው አለቻቸው፣ ተደረገ። በአራት ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። ትልልቆቹ አልሞቱም፤ ግን በቀን ስምንትና ዘጠኝ ይሰበሰብ የነበረው እንቁላል ሁለትና ሦስት ሆነ።

ሰፈሩ «ፈንግል ገባ» አለ። ይህ ወሬ ከበሽታው ያልተናነሰ ጉዳት አለው፤ ፈንግል የተባለ ሰው ሁሉ ዶሮውን አስሮ ወደ ገበያ ይሮጣል፣ እውነተኛ ፈንግል ሲሆን ደግሞ ቫይረሱ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ወረዳ ያዳርሳል። እመቤቲቱም አምስቱን አውራዎች ሊሸጡ እግራቸውን አስረው ነበር የደረስኩት። ምልክቱን ስናየው ግን የፈንግል አልነበረም። ፈንግል ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ በቀናት ውስጥ ይጠርጋል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት፣ አንገት መጠምዘዝ አለው። እዚህ የሞቱት ጫጩቶች ብቻ ነበሩ፤ አንገት የጠመዘዘም፣ ያቃሰተም አልታየም። የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን የሞተ ጫጩት ከፈተው፤ ከአንጀቱ ጫፍ ያሉት ሁለት ከረጢቶች በደም ተወጥረው ነበር። ኮክሲዲዮሲስ ነው።

ይህ በሽታ ከእርጥበት ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር መናገር ያስፈልጋል። ተህዋሲው ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አይበክልም። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጎለምሳል፣ ከዚያ ጫጩቷ ጉዝጓዝ ስትጭር ትውጠዋለች። ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ብዙው ሳይጎለምስ ይቀራል። በረኪና ብትደፋበት ብዙም አይበገርም፤ የሚጎዳው መድረቅ ነው። ስለዚህ ያ ሸራ በሽታውን አልፈጠረውም፣ ቀድሞም በትንሹ መንጋው ውስጥ ነበር፤ እንዲራባ ያመቻቸው ግን እሱ ነው። የእንቁላሉ መቀነስም ከዚሁ ይመዘዛል። በባሕር ዳር ኬክሮስ የቀን ርዝመት በበጋና በክረምት መካከል የሚለየው አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ረጅሙ ቀንም የሚውለው ሰኔ ላይ ነው። ዶሮ በተፈጥሮ ብርሃን ረገድ በክረምታችን እንቁላል የምታቆምበት ምክንያት የላትም። እነዚህ ግን ሸራው ቀኑን አጨለመባቸው።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ሰምተው ልጁን አዩትና «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አለ የአገሬ ሰው። ይሞቃቸዋል ብለህ ነው አይደል?» አሉት። ልጁም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

አውራው ለምን ይጮሃል

ሸራው ከተነሣ ጩኸቱ ይመለሳል። ጸጥታ መዝጋትን ይፈልጋል፣ ጤና መክፈትን ይፈልጋል። በአንድ ቤት ሁለቱን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ጩኸቱን ራሱን ማወቅ ነበረብን።

ልጁ በስልኩ ለአንድ ሳምንት ያህል የጩኸቱን ሰዓት እየመዘገበ አመጣልኝ። የንጋቱ ጩኸት በየቀኑ ለማለት ይቻላል በዚያው ሰዓት ነው። የእኩለ ሌሊቱ ግን አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም። ያለባቸውን ሌሊቶች አንድ በአንድ ጠይቀን ስናስታውስ ነገሩ ተገለጠ፤ ነጎድጓዱ መብራት ያጠፋባቸው ሌሊቶች ናቸው። መብራቱ ድንገት ተመልሶ ሲመጣ በሾፌሩ አከራይ አጥር ላይ የተሰቀለው ፓውዛ ቦግ ይላል። ያ ፓውዛ የተነጣጠረው ደግሞ ቀጥታ ወደ ዶሮ ቤቱ ነው። አውራዎቹ ነጋ ብለው ያስተጋባሉ።

በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንን ፈትሸውታል። አውራዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢያቆዩአቸውም ለንጋት ሲቃረብ ይጮሁ ነበር፤ ሰዓቱ በውስጣቸው አለ ማለት ነው። ብርሃንና የሌላ አውራ ድምፅም ያስጮሃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሌላ ሥራ ደግሞ አብረው በሚኖሩ አውራዎች መካከል ጀማሪው የማዕረግ የበላዩ እንደሆነ፣ ሌሎቹ በተዋረድ እንደሚከተሉ፣ እሱ ሲነሣ ሁለተኛው ጀማሪ እንደሚሆን አሳዩ። ቀዩ ተሽጦ ገብስማው መንበሩን የወረሰው ለዚህ ነው። ጯሂውን እየመረጡ መሸጥ ትርፉ ዋጋ መክሰር ነው፤ ቁጥሩን ካልቀነሱ በቀር ቀዳሚ ምንጊዜም ይኖራል።

ከዚህ የምንወስደው፦ የንጋቱን ጩኸት ጨለማ አያቆመውም፣ ማፈን ብቻ ነው የሚቻለው። የእኩለ ሌሊቱን ግን ከነጭራሹ ማስቀረት ይቻላል፣ ቁልፉ ያለውም ከአጥሩ ማዶ ነው።

የተደረገው

ሐኪሙ አምፕሮሊየም በመጠጥ ውሃ አዘዘ። አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ መድኃኒት ቤት አብሮ የሚሸጥላችሁን ቫይታሚን ከዚህ ጋር አትስጡ አለ። ምክንያቱ አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ተህዋሲውን በማታለል ስለሆነ፣ እውነተኛው ቢ1 በብዛት ሲገባ ኃይሉ ይደክማል። ይህን የማያውቅ ብዙ አርቢ ገንዘቡን በሁለት በኩል ያፈሳል። የቀሩት ሦስት ጫጩቶች ከነእናታቸው ተለይተው ማድ ቤት ገቡ፣ ዳኑ።

ሸራው ወረደ። ከጣሪያው ሥር ከዶሮዎቹ ራስ በላይ አየር የሚወጣበት ክፍተት እንደገና ተከፈተ፣ ሸለመጥማጥ እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ ተሸፈነ። የሐይቁ ንፋስ ዝናቡን በሚያስገባበት በፊቱ በኩል ቆርቆሮው ወደ ውጭ እንዲረዝም ተደረገ፣ ከሥሩ የደንገል ምንጣፍ ተሰቀለ፤ ምንጣፉ ዶፍ ሲሆን ይወርዳል፣ ሲያባራ ይጠቀለላል። ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ። የጣሪያው ውሃ ወለሉን ያጥብ ስለነበር አሸንዳ ተገጠመ፣ ወለሉም በጠጠርና በአፈር ስንዝር ያህል ከፍ አለ።

ስለ ጉዝጓዙ ትንሽ ልቆይ። የጤፍ ጭድ ለክረምት የሚመረጥ አይደለም፣ ቶሎ ይላቆጣልና። ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን ሌላው አገር የማያገኘው አማራጭ አለው፤ ፎገራ የሩዝ አገር ነው፣ ወረታ ያሉት የሩዝ መፈልፈያዎች ገለፈቱን የሚያደርጉበት ቦታ ያጣሉ። የሩዝ ገለፈት ውሃ አያቁርም፣ አይላቆጥም፣ ሲገለበጥ ይደርቃል። አራት ጣት ያህል ውፍረት ተነጥፎ በሳምንት ሁለቴ በመንሽ እየተገለበጠ፣ ከውሃ መጠጫው ሥር ያለው ብቻ እየተነሣ ክረምቱን ያሳልፋል። ከሱ ጋር የምድጃ አመድ በአሮጌ ጎማ ውስጥ ተደረገላቸው፤ ክረምት ላይ ደረቅ አፈር ስለማያገኙ ቅማላቸውን የሚያራግፉበት የላቸውም።

መኖውም ታየ። ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው መሬት ላይ በጆንያ ተቀምጦ የታችኛው ሻግቷል። ተጣለ። እመቤቲቱ «ለዶሮ ሻጋታ ምን ያደርጋል» ብለው ተከራክረዋል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የዶሮን ጉበት እንደሚጎዳና በዓይን እንደማይታይ ነገርኳቸው። አላመኑኝም መሰለኝ፣ ግን ጆንያው ፓሌት ላይ ወጣ።

ከዚያ አውራዎቹ። ከፓሌት እንጨት አንድ ረጅም ሣጥን ተሠራ፣ በአምስት ተከፋፍሎ። ከፍታው አውራው ሊቆምና ሊቀመጥ የሚችልበት፣ ግን አንገቱን ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋበት ነው። አውራ ሲጮህ አንገቱን መስቀል አለበት፤ ካልሰቀለ ድምፁ ይታፈናል። ሣጥኑ የተቀመጠው በግቢው ሌላኛ ጥግ፣ ማድ ቤቱን ተደግፎ ነው። ወደ ሾፌሩ መስኮት የሚያዩት ጎኖች ጭድ በተሞላ ማዳበሪያ ተለበጡ፤ የአየር ማስገቢያና ማስወጫው በማድ ቤቱ በኩል ብቻ ነው። አውራዎቹ የሚገቡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ የሚወጡትም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ቀን ከሴቶቹ ጋር ናቸው። ማታ ማታ አውራ ተሸክሞ ማስገባት ሥራ ነው፤ ልጁ የሸራው ዋጋ ነው ብሎ ተቀበለው። ሣጥን ውስጥ ዶሮ ቀን ሙሉ መዝጋት ግን ጭካኔ ነው፣ ይህን ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

ለፈንግል ክትባት የታመመ መንጋ እስኪያገግም ተጠብቆ በዓይን ጠብታ ተሰጠ። ክትባቱ በቢሾፍቱ የሚመረት፣ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ነው፤ በየሦስት አራት ወሩ መደገም አለበት። ሳሶዎቹ ሲገዙ ተከትበው ነበር፣ የአበሻዎቹ ግን አንድም ጊዜ አልተከተቡም።

እርቁ

ሾፌሩ ሸራው መነሣቱን ሲያይ ተቆጥቶ ነበር። በእድሩ ዳኛ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለቱም ወገን ተቀመጠ፤ እኔም ተጠራሁ። ልጁ የመዘገባቸውን ሰዓቶች አነበበ። መብራት የጠፋባቸውን ሌሊቶች ሲጠራ ሾፌሩ ራሱ «እውነት ነው፣ ያን ቀን ጀኔሬተር ፍለጋ ስዞር ነበር» እያለ ያረጋግጥ ጀመር። አከራዩ ፓውዛውን ወደ ራሳቸው በር አዙረው በላዩ ቆርቆሮ ሊያጠልሉበት ተስማሙ። ያልጠበቁት ነገር ነው፤ ሲመጡ ምስክር ሆነው እንጂ ተከሳሽ ሆነው አልነበረም።

እመቤቲቱ በበኩላቸው ከአምስቱ አውራዎች ሦስቱን ወደ ዘንዘልማ፣ እህታቸው ጋ ሊልኩ ቃል ገቡ፤ ከሦስቱ አንዱ የእህት ድርሻ ሆኖ። የእህታቸው ጓሮ ግንቦት ላይ በፈንግል ባዶ ቀርቶ ስለነበር የሚበክሏት ዶሮ አልነበራትም፤ እነሱም ከተከተቡ ሁለት ሳምንት አልፏቸው፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሄዱ። ሾፌሩ ደግሞ የሚተኛባቸውን ሌሊቶች አስቀድሞ ለልጁ በስልክ እንዲነግር ተባለ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ሣጥኑ ላይ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ ከአየር ማስገቢያው በቀር፣ ይጣልበታል።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። የእኩለ ሌሊቱ ጫጫታ ቆመ። የንጋቱ ጩኸት አልቆመም፤ ሾፌሩ እንደሚለው አሁን ከሩቅ ግቢ የሚመጣ ይመስላል፣ ሚስቱና ሕፃኑ አይነቁም፣ እሱ ግን አንዳንዴ ይነቃል። እንቁላሉ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ወደ ሰባት ተመለሰ፤ ፍልሰታ ስለነበር ሁሉም ለነሐሴ 16 ተጠራቀመ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከዘንዘልማ ሁለቱ፣ ከሣጥኑ አንዱ ተሸጡ። ገብስማው ቀረ።

ለምን እንደቀረ ከእመቤቲቱ ጋር እስካሁን አልተግባባንም። ጥቅምት ሲጠባ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ እንቁላል ማስታቀፍ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ አውራ ያስፈልጋል። ለሚበላ እንቁላል እንደማያስፈልግ፣ ሴቷ ያለ አውራም እንደምትጥል ያውቃሉ። ለማስታቀፍም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ማኖር የግድ አይደለም፤ ዶሮ አንዴ በአውራ ከተጠቃች በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ፍሬያማ እንቁላል ትጥላለች። ገብስማውን ዘንዘልማ አቆይቶ ከማስታቀፉ በፊት ለጥቂት ቀን ማምጣት ይበቃ ነበር። «እንግዳ ነው እንዴ፣ መጥቶ የሚሄድ!» አሉኝ።

ሌላው ሐሳቤ ግን ተቀባይነት አግኝቷል። የሁለት ወር ሳሶ ሲገዛ ወንዱ ይለያል፤ ኩክኔው ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩ ይወፍራል። በሚቀጥለው መጋቢት ሻጩ ከቅርጫት ያወጣላቸውን ሳይሆን ራሳቸው መርጠው፣ ሴት ብቻ ሊገዙ ነው። የበዓሉን አውራ ከእህታቸው ጋ ያሳድጋሉ።

በግቢው ጀርባ ያለው ሌላ ጎረቤት ደግሞ ከመስከረም ወዲህ ሁለት አውራ አስገብቷል። ገብስማው ከሣጥኑ ውስጥ ይመልስላቸዋል። ሾፌሩ የእድሩን ዳኛ እንደገና አነጋግሯል፤ ቀጠሮው ለሚመጣው እሑድ ነው።